መሬት የነከሰው ሮቦት

ጆሮ ስጡኝማ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2002 ነው፤ ወሩ ሚያዝያ። ቦታው አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ያለው የዲዝኒ መዝናኛ፣ ኤፕኮት የሚሉት ግቢ ነው። ከየግዛቱ የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የየቡድናቸውን ቲሸርት ለብሰው ይጮኻሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ያጨበጭባሉ። ከፊታቸው ምንጣፍ የለበሰ ሰፊ ሜዳ አለ። ሜዳው ላይ አራት ሮቦቶች ተፋጠዋል፤ ሁለቱ በቀይ ወገን፣ ሁለቱ በሰማያዊ። መሐል ላይ ደግሞ ሦስት ከባድ ተንቀሳቃሽ ጎሎች ተገትረዋል።

ጨዋታው ዞን ዚል ይባላል። ሕጉ ለሰሚ ቀላል ነው። ሜዳው በአምስት ቀጠና ተከፍሏል፤ 40 የእግር ኳሶች ዳር ዳሩን ተደርድረዋል፤ የተሰጠው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ጎሉን ጎትቶ ወደ ራሱ ቀጠና ያስገባ ወገን 10 ነጥብ ያገኛል። በጎሉ ውስጥ ለተገኘች ለእያንዳንዷ ኳስ 1 ነጥብ ይታሰብለታል። ሰዓቱ ሲያልቅ ሮቦቱ ወደ መነሻው ተመልሶ ከተገኘ ሌላ 10 ይጨመርለታል።

እስቲ አስሉት። ጎሎቹ ሦስት፣ ወገኖቹ ሁለት። ሦስት ለሁለት እኩል አይካፈልም። አንዱ ወገን አንድ ይይዛል፣ ሌላውም አንድ ይይዛል፣ ሦስተኛው ላይ ግን መናቆር ይመጣል። አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ይይዙትና ጨዋታው ገመድ ጉተታ ይሆናል። ያኔ ኳስ አገባብ ማወቅ አይጠቅምም። ቆንጆ ክንድ መሥራትም አይጠቅምም። የሚያሸንፈው ጎማው ያልተንሸራተተው ነው።

ከተፋላሚዎቹ አንዱ ከኢንዲያና ግዛት፣ ከሐመንድ ከተማ የመጣ ቡድን ነበር፤ ቁጥሩ 71። ሐመንድ ከቺካጎ ጋር ኩታ ገጠም፣ ከሚቺጋን ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። አካባቢው ብረት ሲቀልጥ፣ ሲታጠፍና ሲበሳ የኖረ የፋብሪካ ምድር ነው። ቡድኑንም ከጀርባው ሆኖ የሚደግፈው ቢቲ የሚባል የማሽን ፋብሪካ ነበር። ልጆቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ወርክሾፑ ሲገቡ የሚያገኟቸው ባለሙያዎች ዕድሜያቸውን ከብረት ጋር ሲታገሉ የኖሩ ናቸው። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ከአንድ ብረት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ከተነሳች ትንሽ ዕቃ ጋር የተያያዘ ነውና።

ከመቀጠሌ በፊት ግን ይህ ውድድር ከየት እንደመጣ ላውጋችሁ። ዲን ኬመን የሚባል አሜሪካዊ ፈጣሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ፈርስት የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ሐሳቡ ወጣቶች የኳስ ተጫዋቾችን እንደሚያደንቁ ሁሉ መሐንዲሶችንም እንዲያደንቁ ነበር። የማሳቹሴትሱ ኤምአይቲ መምህር ፕሮፌሰር ዉዲ ፍላወርስ አብረውት ገቡበት። እሳቸው ተማሪዎቻቸውን አንድ ዓይነት ቁሳቁስ እየሰጡ የየራሳቸውን ማሽን ሠርተው እንዲወዳደሩበት በማድረግ የታወቁ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ሃምፕሸር፣ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ ተካሄደ፤ ቡድኖቹ 28 ብቻ ነበሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆኑ።

የዚያ ዘመን ደንብ ጥብቅ ነበር። በጥር ወር የዓመቱ ጨዋታ ለሁሉም በአንድ ቀን ይገለጻል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሮቦቱን ለመንደፍ፣ ለመሥራትና ለመፈተን ስድስት ሳምንት ብቻ ይሰጥ ነበር። በ2002 የሮቦቱ ክብደት ከ59 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። የሚፈቀዱት ሞተሮች ተቆጥረው የሚታወቁ ነበሩ፤ ባትሪውም ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። ገንዘብ ያለው ቡድን እንኳ ከደሃው የሚበልጥ ሞተር ገዝቶ ሊገጥም አይችልም ነበር።

ታዲያ ክብደቱ እኩል፣ ሞተሩ እኩል፣ ባትሪው እኩል ከሆነ አንዱ ሌላውን እንዴት ይጎትተዋል?

መልሱ ሰፈራችን ውስጥ አለ። ክረምት ላይ ባዶ ፒክአፕ ጭቃ ውስጥ ሲገባ አይታችኋል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ያጓራል፣ የኋላ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፣ ጭቃው ይረጫል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ሹፌሩ ብልህ ከሆነ ነዳጅ መስጠቱን ትቶ በመስኮት ብቅ ይልና "ኋላ ላይ ውጡልኝ!" ይላል። አምስት ስድስት ጎረምሶች ከጎማው በላይ ይቆማሉ። መኪናው ከብዷል፤ ሆኖም ይወጣል! የሞተሩ ጉልበት ቅንጣት አልተጨመረም። የተጨመረው ጎማው መሬቱን የሚጫንበት ክብደት ነው።

ይህንን ነገር በቁጥር ያስቀመጠው ጊዮም አሞንቶን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በልጅነቱ መስማት የተሳነው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1699 ለፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ሰበቃ ያገኘውን አቀረበ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ይህንኑ በማስታወሻ ደብተሮቹ አስፍሮት ነበር፤ ሳያሳትመው ስለቀረ ግን ዓለም ከአሞንቶን ተማረ። ሕጉ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ሰበቃው በሚጫነው ክብደት ልክ ያድጋል። ሁለተኛ፣ የሚነካካው ገጽ ስለሰፋ ብቻ ሰበቃው አይጨምርም።

ሁለተኛው ብዙ ልጆችን ያከራክራል። "ጎማውን እናስፋው፣ መሬት ይይዛል" የሚል ድምፅ በየወርክሾፑ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር ጎማና ምንጣፍ የአሞንቶንን ሕግ ሙሉ በሙሉ አያከብሩም። ላስቲክ ይለጠጣል፤ የምንጣፍ ጭረት ደግሞ ተጎንብሶ በጎማው ጥርስ መሐል ይገባል። ስለዚህ ሰፊ ጎማ ትንሽ ይረዳል፤ ቶሎም አያልቅም። ነገር ግን ከስፋቱ ይልቅ ጎማው ከምን እንደተሠራ ማየት ይበልጣል። ለስላሳና ሸካራ ላስቲክ በምንጣፍ ላይ የተጫነበትን ክብደት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በለጥ ያለ ኃይል ይይዛል። ጠንካራ ፕላስቲክ ግን የዚያን ግማሽ እንኳ መያዝ ይቸግረዋል።

አሁን ወደ ሐመንድ ልጆች እንመለስ። ሌሎቹ ቡድኖች ጥሩ ላስቲክ ፍለጋ ላይ ሳሉ እነሱ ወለሉን ተመለከቱ። ወለሉ ምንጣፍ ነው። ምንጣፍ ደግሞ ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም ቀረብ ብለው ሲያዩት ጥቅጥቅ ያለ የክር ጫካ ነው። ጫካን ከላይ መጫን ይቻላል፤ ግን ውስጡ ገብቶ ሥሩን መያዝም አለ። ምን ይገባል እዚያ ውስጥ?

ብረት ሠራተኛ ሞረድ ይጠቀማል። ሞረዱ ሲሠራበት የብረት ብናኝ በጥርሶቹ መካከል ይጠቀጠቅና ይደነዝዛል። ያንን ብናኝ ጠርጎ የሚያወጣ ልዩ ብሩሽ አለ። እጀታው ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ እንጨት ነው፤ ፊቱ ላይ አጫጭር፣ ቀጫጭን፣ ጠንካራ ሽቦዎች ተሰግስገዋል። ሽቦዎቹ ቀጥ ብለው አልቆሙም፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ጎበጥ ብለዋል። መዳፋችሁን በአንድ በኩል ብታንሸራትቱት በቀላሉ ያልፋል፤ በተቃራኒው ብትጎትቱት ግን ቆዳችሁን ይዞ ያስቀረዋል።

የሐመንድ ቡድን ይህንን የሞረድ ብሩሽ ሽቦ ለሮቦቱ ጫማ አደረገለት።

ሮቦቱ እንደማንኛውም ሮቦት ጎማ ነበረው። ፊሽካ ሲነፋ በጎማው ወደ መሐል ይሮጣል። እዚያ እንደደረሰ ይዘረጋል፤ ግራና ቀኝ ያሉትንም የመሐለኛውንም፣ ሦስቱንም ጎል አንቆ ይይዛል። ይሄኔ ሩጫው አበቃ። ሽቦ የለበሱት እግሮች ወደ ታች ወርደው ምንጣፉን ይነክሳሉ። እግሮቹ እየተፈራረቁ፣ አንዱ ሲይዝ ሌላው ወደፊት እየተንፏቀቀ፣ ሮቦቱ ሦስት ጎል አቅፎ ወደ ቤቱ መጓዝ ይጀምራል። በዝግታ ነው የሚሄደው። የሚያስቆመው ግን የለም። ተቃራኒዎቹ ይገፉታል፣ ይገጩታል፣ ጎሉን ከወዲያ ይዘው ይጎትታሉ፤ ጎማቸው ምንጣፉ ላይ እየተንሸራተተ አብረው ይጎተታሉ።

የሦስት ለሁለት ሒሳቡን አስታውሱ። ብዙ ቡድኖች ሁለት ጎል ለመያዝ ሲነድፉ፣ እነዚህ ሦስቱንም ወስደው ለተጋጣሚያቸው ምንም ላለማስቀረት ነደፉ። ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው የዚያን ዓመት የአገር አቀፍ ዋንጫ ወሰዱ። የቡድን 71 ስም በአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ በ1997፣ በ2001፣ በ2002 እና በ2004 ተጽፎ ይገኛል።

ታዲያ ምንጣፉን በሽቦ መንከስ ተገቢ ነበር ወይ የሚል ክርክር ተነሳ። እኔ ተገቢ ነበር ባይ ነኝ። ስድስት ሳምንት፣ አንድ የደንብ መጽሐፍ፣ አንድ ምንጣፍ ለሁሉም እኩል ተሰጥቷል። ደንቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ ወለሉን በጣቱ የዳሰሰ ቡድን ያገኘው ጥቅም በላቡ ያገኘው ነው። ቀጥሎ የመጣው ክልከላም ተገቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደንቡ ሜዳውን ሊጎዳ የሚችል መያዣ ሁሉ እንዳይገጠም አደረገ፤ ብረት፣ የአሸዋ ወረቀት፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ጥርስ፣ እንደ ቬልክሮ ያለ ተለጣፊም ሳይቀር ተከለከለ። ምንጣፍ የሚበላ ሮቦት በየሳምንቱ አዲስ ምንጣፍ ይፈልጋል። ያ ወጪ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በተማሪዎቹ ላይ ነው።

በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ሽቦ የለም፣ ብረት የለም፤ የቀረው ላስቲክና ክብደት ነው። የንድፍ ጥበቡ እውነተኛ ፈተና ላይ የወደቀውም ያኔ ይመስለኛል። አሁን ትንሽ ቁጥር ውስጥ ልንገባ ነውና ታገሡኝ፤ ጣፋጩ ያለው እዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በውድድሩ የተለመደውን ሮቦት እንውሰድ። ከባትሪውና ከመከላከያ ትራሱ ጋር 68 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ጎማዎቹ ሸካራ ላስቲክ የለበሱ ናቸው፤ በምንጣፍ ላይ የተጫነባቸውን ክብደት 1.1 እጥፍ ይይዛሉ እንበል። ሁሉም ጎማ በሞተር የሚነዳ ከሆነ ይህ ሮቦት የሚገፋበት ከፍተኛ ኃይል 68 ሲባዛ በ1.1፣ ማለትም ወደ 75 ኪሎ ነው። ከዚህ በላይ ጎማው ይንሸራተታል። የአውሮፕላን ሞተር ብትገጥሙለትም 75 ኪሎ ነው።

እንግዲህ ሞተሩ ይህንን 75 ኪሎ ማድረስ ይችላል ወይ? በውድድሩ ለዓመታት ተለምዶ የነበረው ሞተር ሲም ይባላል፤ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ በመዳፍ የሚያዝ ድቡልቡል ጥቁር ሞተር ነው። ጭነት ሳይኖርበት በደቂቃ 5,300 ዙር ያህል ይሽከረከራል። በግድ ይዘን ብናቆመው 2.4 ኒውተን ሜትር ያህል እየጠመዘዘ ወደ 130 አምፔር ይጠጣል። እያንዳንዱ ሞተር ግን የ40 አምፔር ብሬከር አለበት። ከ40 በላይ እየጠጣ ከቆየ ብሬከሩ ይቆርጣል፤ ሮቦቱም በሜዳው መሐል ሽባ ሆኖ ይቀራል። በ40 አምፔር ሲሠራ አንዱ ሞተር የሚሰጠው 0.7 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አራት ሞተር ቢኖረን 2.8 ይሆናል።

የጎማው ዲያሜትር 15 ሳንቲሜትር ነው እንበል። 75 ኪሎ ለመግፋት በጎማዎቹ አክስል ላይ በድምሩ 55 ኒውተን ሜትር ያህል ያስፈልጋል። 55ን ለ2.8 ስናካፍል ወደ 20 ይመጣል። ስለዚህ በካምቢዮው ውስጥ የሚባክነውን ትተን፣ ሞተሩ 20 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ማርሹን መቀነስ አለብን። ያኔ ሮቦቱ ግድግዳ ቢገፋ እንኳ ብሬከሩ ከመቁረጡ በፊት ጎማው ይንሸራተታል። ሞተሩ አይቃጠልም፣ ባትሪው አይሞትም። በዚህ ማርሽ ሮቦቱ ቢሮጥ በሰከንድ ሁለት ሜትር ገደማ ነው።

"ሁለት ሜትር አዝጋሚ ነው፣ እንጨምርበት" ያለ ቡድን ማርሹን ከ20 ወደ 8 ቢያወርደው ፍጥነቱ በሰከንድ አምስት ሜትር ይሻገራል። ሲሮጥ ያምራል፣ ተመልካቹም ያጨበጭባል። ከተጋጣሚው ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ግን ጎማውን ለማንሸራተት ብቻ እያንዳንዱ ሞተር ወደ 95 አምፔር መጠጣት ይኖርበታል። ባትሪው ይወድቃል፣ ብሬከሩ ይቆርጣል፣ ፈጣኑ ሮቦት በዘገምተኛው እየተገፋ ከሜዳው ዳር ይደርሳል። ብዙ ቡድን የተሸነፈው እዚህች ሒሳብ ላይ ነው። ሒሳቧ ደግሞ ከአንድ ገጽ አትበልጥም።

ሁለቱንም የፈለጉ ቡድኖች ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ ሠሩ። በአየር ግፊት የሚሠራ ትንሽ ሲሊንደር ማርሹን ይቀይራል፤ ሲሮጡ በፈጣኑ፣ ሲገፉ በዘገምተኛው። የመኪና ሹፌር ዳገት ላይ አንደኛ ማርሽ እንደሚያስገባው መሆኑ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ የክብደቱ አቀማመጥ ነው። ሮቦቱ 68 ኪሎ ቢመዝንም ክብደቱ ሁሉ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ካላረፈ ኪሳራ ነው። ሁለት የሚነዳ ጎማና ሁለት ዝም ብሎ የሚከተል ጎማ ያለው ሮቦት፣ በተከታዮቹ ላይ ያረፈውን ክብደት በከንቱ ተሸክሞ ይዞራል። ስለዚህ ብልሆቹ ሁሉንም ጎማ በካቴና አገናኝተው ነዱ። ሌላም አለ። ሮቦት ከፍ ባለ ቦታ ላይ ሲገፋ ዕቃው በምላሹ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በዚህ ጊዜ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ የኋላዎቹ ይከብዳሉ። አጥብቆ ከገፋ ፊቱ ከመሬት ይነሳል። መፍትሔው ዝቅ ብሎ መግፋት ነው፤ ባትሪውን ታች፣ ሞተሩን ታች፣ መግፊያውን ታች። ከሁሉ የተሻለው ግን የዕቃውን ጠርዝ በትንሹ ማንሳት ነው። ጠርዙን ስታነሱት የዕቃው ክብደት ከፊሉ ወደ እናንተ ጎማ ይዛወራል፤ ዕቃው መሬት ላይ የሚጫነው ይቀንሳል፣ የናንተ ደግሞ ይጨምራል። ከባዱ ዕቃ ራሱ ጉልበት አበደራችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይመጣል። መሬት የሚነክስ ጎማ መዞርን አይወድም። አራት ሸካራ ጎማ በአራት ማዕዘን የተገጠመለት ሮቦት ለመታጠፍ ሲሞክር ጎማዎቹ ወደ ጎን መንሸራተት ስላለባቸው ይንገጫገጫል፣ ይዘላል፣ አንዳንዴም ባትሪውን እዚያው ይጨርሰዋል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ግሩም ነው። ስድስት ጎማ ይገጠማል፤ የመሐለኞቹ ሁለቱ ከሌሎቹ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ይላሉ። ሦስት ሚሊሜትር! ሮቦቱ በመሐለኛው ጎማ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ እንደ ልቡ ይሽከረከራል፤ በአንድ ጊዜ መሬት የሚነኩት አራቱ ብቻ ናቸው፤ ያም ሆኖ ስድስቱም ስለሚነዱ ክብደቱ ሁሉ ሥራ ላይ ይውላል። ለብዙ ዓመታት በተሠሩት ሮቦቶች ውስጥ ይህንን ስድስት ጎማ ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ።

በየአቅጣጫው እንደ ሸርጣን የሚሄዱ ጎማዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስዊድናዊው ቤንግት ኢሎን የፈለሰፈው ሜካነም የሚባለው ጎማ ዙሪያውን በ45 ዲግሪ የተጋደሙ ትናንሽ ከበሮዎች አሉት። ወደ ጎን እንኳ ይሄዳል። ለመግፋት ግን ደካማ ነው፤ ከበሮዎቹ ራሳቸው ስለሚሽከረከሩ ጠንካራ ገፊ ሲመጣበት ይሸሻል። ከባድ ዕቃ ማንቀሳቀስ ለፈለገ ቡድን አልመክረውም።

በ2009 ደግሞ አዘጋጆቹ ነገሩን ገለበጡት። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈችበት 40ኛ ዓመት ነበርና ጨዋታውን ሉናሲ ብለው ሰየሙት። ምንጣፉን አንስተው በምትኩ ልሙጥ የፋይበርግላስ ወለል አነጠፉ። ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት ጠንካራ የፕላስቲክ ጎማ ሰጡና፣ ላስቲክ መለበጥም ሆነ መቧጠጥ ከለከሉ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሮቦት ተጎታች እንዲጎትት ታዘዘ! ዓመታት የተከማቸው የላስቲክ ዕውቀት በአንድ ቀን ዋጋ አጣ።

ምን ቀረ? ክብደቱና አነዳዱ። የቆመ ነገር የሚይዘው ሰበቃ፣ እየተንሸራተተ ካለ ነገር ሰበቃ ይበልጣል። ጎማው አንዴ መንሸራተት ከጀመረ መሬት መያዙ ይቀንሳል፤ ጉልበት በጨመራችሁለት ቁጥር ይባስ ይሸሻል። ስለዚህ አሸናፊው የሞተሩን ጉልበት ቀስ እያለ የሚለቅ፣ ጎማው ሊያመልጥ ሲል የሚያለዝብ ፕሮግራም የጻፈ ሆነ። አንዳንዶቹ ጎማውን ተስፋ ቆርጠው ማራገቢያ ገጠሙና በነፋስ ለመገፋት ሞከሩ። ጎበዞች ናቸው።

በሌላው የዓለም ጫፍ፣ ጃፓን ውስጥ፣ የሮቦት ሱሞ ትግል አለ። መድረኩ 154 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ተፋላሚዎቹ ከ3 ኪሎ አይበልጡም። መድረኩ ብረት ስለሆነ ሮቦቶቹ ከሥራቸው ጠንካራ ማግኔት ይገጥማሉ። ሚዛን ላይ 3 ኪሎ ናቸው፤ መድረኩ ላይ ሲቆሙ ግን ማግኔቱ ወደ ታች ስለሚስባቸው ከዚያ እጅግ የከበዱ ያህል ይጫናሉ። ክብደት ሳይጨምሩ መክበድ ይሏችኋል ይህ ነው።

ከሁሉ ያስደነቀኝን ለመጨረሻ አቆይቻለሁ። በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ማርክ ካትኮስኪ ላቦራቶሪ ውስጥ ግድግዳ ላይ የምትወጣውን የጌኮ እንሽላሊት እግር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። የጌኮ እግር ሙጫ የለውም፤ ለዓይን የማይታዩ እልፍ ጸጉሮች አሉት፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎተቱ ይጣበቃሉ፣ ሲለቀቁ በቀላሉ ይላቀቃሉ። ያንን ኮርጀው ከላስቲክ መሰል ነገር ጫማ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳዩት አንዱ ሮቦት 12 ግራም ይመዝናል። በመስታወት ላይ የራሱን ክብደት ሁለት ሺህ እጥፍ ጎተተ። በቀጣዩ ዓመት በጠቅላላ 100 ግራም የሚመዝኑ ስድስት ሮቦቶች ተባብረው 1,800 ኪሎ ገደማ የምትመዝን መኪና አንቀሳቀሱ። ሁሉም መሬቱን ጠብቀው ይይዙና፣ በቀስታ፣ በአንድነት ገመዱን ይስባሉ።

የሞረድ ብሩሹ ሽቦና ከጌኮው የተኮረጀው ጫማ በአሥራ ሦስት ዓመት የተራራቁ ናቸው፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ወደ አንድ በኩል ይለቃሉ፣ ወደ ሌላው በኩል ይይዛሉ። ሁለቱንም የሠሩት ሰዎች ከሞተሩ በፊት ያዩት ወለሉን ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ በተለይ የሮቦት ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ በየቤታችሁም ሞተርና ጎማ የምትገጣጥሙ ልጆች። ሮቦታችሁ ዕቃ አልገፋ ብሎ ሲያስቸግር ወዲያው ትልቅ ሞተር ፍለጋ አትውጡ። ከገበያ አንድ ተንጠልጣይ የስፕሪንግ ሚዛን ግዙ። ጎማዎቹ እንዳይዞሩ እሰሯቸው። ሮቦቱን በሚወዳደርበት ወለል ላይ፣ በዚያው በምንጣፉ ወይም በዚያው በጣውላው ላይ አስቀምጡትና ሚዛኑን አያይዛችሁ ከመሬት ጋር ትይዩ ጎትቱት። መንሸራተት ሲጀምር ሚዛኑ ያነበበውን ጻፉ። ከዚያ ሮቦቱን ራሱን መዝኑት። የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው በጣም ካነሰ የጎማችሁን ልብስ ቀይሩ። ከተቀራረቡ ወይም ከበለጠ ደግሞ ወደ ማርሹ ሒሳብ ሂዱ። ቁጥሮቹን ከሮቦቱ ስም ጋር በክበቡ ደብተር ላይ አስፍሯቸው፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ከዚያ ይጀምር።